አሮጌውን የማይክድ ሶኬት



በዚህ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ፈተናና ስለ መጽሐፍ እጥረት ነው። ይህም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በየማደሪያችንና በየቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር፣ እስኪነዝረን ድረስ ማናችንም ልብ ብለን ስለማናየው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ሶኬት ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የሰው ሕይወት፣ የአገር ገንዘብና የመሐንዲስ ማስተዋል ሦስቱም ተያይዘው ስለሚገኙ፣ አንባቢ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ባጭሩ ልናገር። አዲስ መሰኪያ ወይም አዲስ ሶኬት የሚነድፍ፣ የሚገዛ ወይም ከውጭ የሚያስገባ ሰው ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፣ ከእርሱ በፊት በብዙ ድካም የተገዛውንና ገና የሚሠራውን ዕቃ ያለ በቂ ምክንያት ከጥቅም ውጭ እንዳያደርግ ነው። ሁለተኛው፣ ቢገጥም አደጋ የሚያመጣው ነገር ፈጽሞ እንዳይገጥም አድርጎ መሥራት ነው። እኛ በአሁኑ ጊዜ ሁለቱንም ገልብጠን ይዘናል፤ መግጠም የሚገባው አይገጥምም፤ መግጠም የማይገባው ደግሞ በጉልበት ይገጥማል።

እስቲ ያለንበትን ሁኔታ እንመልከት። በአገራችን ቤት ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜም ይመላለሳል። በዚህ በኩል ከአብዛኛው ኤውሮፓ ጋር አንድ ነን። በመሰኪያው በኩል ግን ከማንም ጋር አንድ አይደለንም፤ ከራሳችንም ጋር አንድ አይደለንም። ምክንያቱ ታሪካችን ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ከገባ ጀምሮ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጦሩ እጁን እስከሰጠበት ቀን ድረስ በዚህ ከተማ ብዙ ሕንፃ ሠራ፤ ፒያሳ ስሙንም መልኩንም ያገኘው ከዚያ ዘመን ነው። ሕንፃውን የሠራው እጅ የሙያውን ቋንቋ ትቶልን ሄደ። ዛሬም የኤሌክትሪክና የጋራዥ ሠራተኛ ሁሉ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ የሚለው ጣሊያንኛ እያወቀ ሳይሆን ቃሉ ከዕቃው ጋር ስለ መጣለት ነው። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ክብ ጥርሶች ያሉት የጣሊያን መሰኪያም በአገራችን እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቃ ከየአገሩ ነው። ከጀርመን የመጣው ወፍራም ክብ ጥርስ ያለውና የመሬት መስመሩን በጎኑ በሚነካ ብረት የሚያገኝ ነው። የእንግሊዙ ሦስት ጠፍጣፋ ወፋፍራም ጥርስ አለው። የአሜሪካኑ ሁለት ስስ ጠፍጣፋ ጥርስ አለው። የቻይናው ደግሞ ጥርሶቹ እንደ ጣሪያ ወደ ጎን የተጋደሙ ናቸው። አንድ ተማሪ የሞባይሉን ባትሪ መሙያ ከአንድ ሱቅ፣ ኮምፒዩተሩን ከውጭ ከመጣ ዘመድ፣ ምድጃውን ከገበያ ቢያገኝ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አገሮች ይገናኛሉ ማለት ነው። ግድግዳው ግን አንድ ነው።

እንግዲህ መሰኪያው እምቢ ሲል ምን እናደርጋለን? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ጫፉን ቆርጠን ሽቦውን ልጠን በክብሪት እንጨት ቀዳዳው ውስጥ እንወትፋለን። ወይም የእንግሊዙን ሶኬት መክፈቻ ቀዳዳ በእስክሪብቶ ገፍተን ሁለት ጥርሱን ብቻ እንሰካለን። ወይም ከሱቅ ሁሉን እቀበላለሁ የሚል ርካሽ አዳፕተር ገዝተን በእርሱ ላይ ዲቫይደር፣ በዲቫይደሩ ላይ ምድጃ እንሰካለን። ከዚያም ፕላስቲኩ ሲሸትተን መስኮት እንከፍታለን።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ተማሪ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ንድፉ ስለሚገፋው ነው። የሚሊሜትር ነገር ስለሆነ በቁጥር ላሳይ። ባለ 10 አምፔር የጣሊያን መሰኪያ ጥርሱ 4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የሁለቱ የዳር ጥርሶች ርቀት 19 ሚሊሜትር ነው። የጀርመኑም ጥርሶች ርቀት 19 ሚሊሜትር ነው፤ ውፍረቱ ግን 4.8 ነው። ስለዚህ ርቀቱ ልክ ስለሆነ መሰኪያው የሚገባ ይመስላል፤ ውፍረቱ ስለሚበልጥ ግን አይገባም። ሰው ደግሞ ሊገባ የደረሰ የሚመስለውን ነገር መግፋት ልማዱ ነው። ሲገፋ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የውስጡ መዳብ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ቀጭኑ መሰኪያ ሲሰካበት አይጨብጠውም። የላላ መገናኛ ይሞቃል፤ የሞቀ መገናኛ ይበልጥ ይላላል፤ መጨረሻው እሳት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የመሬት መስመር መጥፋት ነው። ለሕክምናና ለሌላ ትምህርት ጓደኞቼ ልግለጽ። የብረት አካል ያለው ምድጃ ወይም ማሽን በውስጡ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ የመሬት መስመር ካለው ኤሌክትሪኩ በዚያ መስመር በብዛት ይወርድና ፊውዙ ወዲያው ይቋረጣል። መስመሩ ከሌለ ግን ምንም አይሰማም፤ ምንም አይታይም። ብረቱ 220 ቮልት ተሸክሞ የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። የጀርመኑ መሰኪያ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ባለው ጠፍጣፋ ሶኬት ላይ በጉልበት ሲሰካ፣ ወይም በርካሹ አዳፕተር ሲያልፍ፣ የሚጠፋው ይኸው መስመር ነው። መብራቱ ይበራል፤ ማሽኑ ይሠራል፤ ሰውየውም ገጠመልኝ ብሎ ይደሰታል።

በጎንደር ይህ ነገር ከሌላ ቦታ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ምክንያት አለ። ዩኒቨርሲቲያችን የተወለደው ከሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እዚህ ጎንደር ሲቋቋም፣ መንግሥታችን ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተባብሮ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ለገጠሩ ያበረክት ነበር። እንግዲህ የጤና ሥራችን ከልደቱ ጀምሮ ከብዙ አገር እጅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ እጅ ብዙ መሰኪያ ይዞ ይመጣል።

በእርዳታ የሚመጣ የሕክምና መሣሪያ በድኻ አገሮች ውስጥ ምን ያህሉ ሳይሠራ እንደሚቀመጥ የመረመሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከ16 አገሮች የተሰበሰበ ከ110 ሺህ በላይ ዕቃ ቆጥረው 40 በመቶ የሚጠጋው ከሥራ ውጭ መሆኑን አግኝተዋል። ምክንያቱ ሁሉ መሰኪያ ነው አልልም፤ የሠለጠነ ሰው፣ መለዋወጫና አስተዳደር ማጣትም አለበት። ነገር ግን ከግድግዳው ጋር መስማማት ያቃተው መሣሪያ ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ከእነዚያ መካከል ይቈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በጣም ስለተስፋፋ በግልጽ መነገር አለበት። መሰኪያ መለወጥ ኤሌክትሪኩን አይለውጥም። በአሜሪካ ያለው ኃይል 120 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ለ110 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በአዳፕተር ብቻ ከእኛ ግድግዳ ላይ ቢሰካ፣ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን የሚሄደውም አምፔር እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱም አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ይቃጠላል። ብልሁ ሰው ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ ይህም ጥሩ ነው፤ ግን አልተጨረሰም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። ስለዚህ በምልልሱ ፍጥነት የሚዞር ሞተር ያለው የደም ማጣሪያ ሴንትሪፊዩጅ ከአሜሪካ መጥቶ እዚህ ሲዞር፣ በደቂቃ 3600 ሊዞር የሚገባው ወደ 3000 ይወርዳል፤ ብረቱም ከልክ በላይ ይሞቃል። ማሽኑ ስለሚዞር ማንም አይጠረጥርም፤ የደሙ ውጤት ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ እዚህ ላይ የመሰኪያው አለመግጠም ጠላታችን ሳይሆን ዘበኛችን ነበር። ቁም፣ ይህ ያንተ ኤሌክትሪክ አይደለም እያለ ነበር። እኛ ግን ዘበኛውን በአዳፕተር አፍነን አለፍነው።

ከዚህ ተነሥተን ጥሩ መገናኛ ምን ዓይነት ነው ብለን እንጠይቅ። ለመልሱ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከወገራ እስከ ደባርቅ የሚያርሰውን ገበሬ እንይ። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ፣ ወገሉና ማረሻው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚለወጡ ናቸው። ማረሻው ሲያልቅበት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዶ አዲስ ማረሻ ያሠራል፤ አዲሱ ማረሻም የአሮጌውን እርፍ ጫፍ ይለብሳል። ቀጥቃጩ ይህ አዲስ ዓይነት ስለሆነ ሞፈርህንም ቀንበርህንም ጣል ቢለው ገበሬው ምን እንደሚመልስለት መገመት አያስቸግርም። ቀጥቃጩ ብረቱን ሊያጠነክር፣ ሊያረዝም፣ ሊያሾል ይችላል። የሚለብሰውን አፍ ግን አይነካም። መሐንዲስ ደረጃ የሚለው ነገር ይኸው ነው፤ በመጽሐፍ ሳይጻፍ በእጅ ሲወራረድ የኖረ ደረጃ።

የአፄ ፋሲል መዋኛም እንዲሁ ነው። ከተሠራ ከ300 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ገንዳ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ውኃውን የሚያመጣበትን መንገድ የሚጠግን ሰው በየዘመኑ የፈለገውን ዘዴ ሊጠቀም ይችላል፤ ከገንዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ግን አክብሮ መሥራት አለበት። የጥንቱን ገንዳ ለአዲስ ቧንቧ ሲባል የሚያፈርስ ሰው የለም።

ወደ ዘመናዊው ኤሌክትሪክ ሥራ ስንመጣ ከሁሉ የሚያስተምረው የኮምፒዩተር ታሪክ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ውስጥ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩባቸው፣ እያንዳንዳቸው 62 ንክኪ ያላቸው ቀዳዳዎች ነበሩ። በ1984 የበለጠ ኃይለኛ ኮምፒዩተር ሲወጣ ንክኪው አነሰ። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? የድሮውን 62 እንዳለ ትተው፣ በዚያው መስመር ከፊቱ 36 ንክኪ ያለው ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ጨመሩ። አዲሱ ረጅም ካርድ በሁለቱም ላይ ይሰካል፤ አሮጌው አጭር ካርድ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ይሰካል፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

በ1987 ግን ያው ኩባንያ ሐሳቡን ለወጠና ከአሮጌው ጋር ፈጽሞ የማይገጥም አዲስ ቀዳዳ አወጣ። በሥራው ፈጣንና ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የገዛቸውን ካርዶች ሁሉ ጣል የሚል ነበር፤ ሌላ ፋብሪካ እንዲሠራውም ክፍያ ይጠየቅበት ነበር። በዚህ ጊዜ ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ከሌሎች ስምንት ጋር ተባብሮ በ1988 ሌላ መልስ አመጣ። የዚህ መልስ ብልኃት መሐንዲስ ነኝ የሚል ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ቀዳዳውን ባለ ሁለት ደርብ አደረጉት። በላይኛው ደርብ ያሉት ንክኪዎች የድሮዎቹ ናቸው፤ በታችኛው ደርብ ያሉት አዲሶቹ ናቸው። በመካከል ትንንሽ ማገጃ አለ። አሮጌው ካርድ ሲገባ ማገጃው ስለሚይዘው በላይኛው ደርብ ላይ ይቆማል፤ ወደማያውቀው ንክኪ አይደርስም። አዲሱ ካርድ ለማገጃው የተቆረጠ ቦታ ስላለው እስከ ታች ይወርዳል። አሮጌው አልተባረረም፤ አዲሱም አልታሰረም። አይ.ቢ.ኤም.ም ያንን ሁሉ ጉልበት ይዞ የብቻውን ቀዳዳ በገበያ ላይ ማቆየት ሳይችል ቀረ።

ይህ ብልኃት ዛሬም ይሠራበታል። ባለ አራት ንክኪ የነበረው የተለመደው ዩኤስቢ ወደ ሦስተኛው ትውልድ ሲያድግ፣ አራቱን በቦታቸው ትቶ ከኋላቸው አምስት ጨመረ። በኤውሮፓ የመኪና ባትሪ መሙያም እንዲሁ ሆኗል። ለዝግታው አሞላል የነበረውን ክብ ቀዳዳ ሳይነኩ፣ ለፈጣኑ አሞላል የሚያስፈልጉትን ሁለት ወፍራም ቀዳዳዎች ከሥሩ ጨመሩ። ስለዚህ አሮጌው መሰኪያ በአዲሱ መኪና ላይ ይገባል።

የመኪናውን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ከቻይና ገበያ የመጣው የቻይናን መሰኪያ ይዟል፤ ለኤውሮፓ የተሠራው የኤውሮፓን ይዟል፤ ሁለቱ አይገጣጠሙም። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሚተከለው እያንዳንዱ መሙያ ጣቢያ የአንዱን ዓይነት ብቻ ቢይዝ፣ የግድግዳ ሶኬታችን ታሪክ በመንገድ ላይ ይደገማል ማለት ነው። ለግድግዳው ዘግይተናል። ለመንገዱ ግን ገና አልዘገየንም። ኤውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የሚተከል መሙያ ምን ዓይነት መሰኪያ ይኑረው ብለው በሕግ ወሰኑ፤ በ2022 ደግሞ የሞባይል መሙያ አንድ እንዲሆን ደነገጉና ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ አዋሉት። እኛም የራሳችንን መወሰን እንችላለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግዴታ፣ ወደ አለመግጠም ልምጣ። ለዚህ ከሁሉ የሚያሳዝነው ምስክር ከሕክምና የመጣ ነው። በሕመምተኛ ደረት ላይ ተለጥፎ የልብን ምት የሚከታተለው ሽቦ ጫፉ ቀድሞ ራቁቱን የወጣ የብረት እሾህ ነበር። ይህ እሾህ ወደ ማሽኑ መግባት ሲገባው፣ በስሕተት ወደ ኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍ መግባትም ይችል ነበር። ገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1993 በሆስፒታል የተኙ ሕፃናት በዚህ መንገድ ሞቱ። ሠራተኞቹ ጠላት አልነበሩም፤ ሊያድኑ ሲቻኰሉ የገጠመውን ሰኩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1997 የዚህ ሽቦ ጫፍ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ወደ ኤሌክትሪክ ቀዳዳ ሊገባ የማይችል እንዲሆን ደነገገ። ለአሮጌዎቹ ማሽኖች ደግሞ መለወጫ ተሠራላቸውና ከአዲሱ ሽቦ ጋር መሥራት ቀጠሉ። እነሆ በአንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱም ግዴታዎች ተፈጸሙ፤ ገዳዩ በር ተዘጋ፤ አሮጌው ማሽን ግን አልተጣለም።

የሕክምና ተማሪዎች ይህን ነገር ከኦክስጅን ሲሊንደርም ታውቁታላችሁ። በትንንሾቹ ሲሊንደሮች አንገት ላይ ያሉት ጉድጓዶች የኦክስጅኑ በአንድ አኳኋን፣ የማደንዘዣው ጋዝ በሌላ አኳኋን የተቀመጡት ለጌጥ አይደለም። ደክሞት የመጣ ሰው በሌሊት ቢሳሳት እንኳ ብረቱ እንዳይሳሳት ነው።

በዚህ ረገድ ብራዚል የምታስተምረን አለ። ብራዚል እንደኛው የብዙ አገር መሰኪያ ተቀላቅሎባት ስትቸገር ቆይታ አንድ የራሷን ሶኬት መረጠች፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስም በየደረጃው ግዴታ አደረገችው። ባለ 10 አምፔሩ ጥርሱ 4 ሚሊሜትር፣ ባለ 20ው 4.8 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑ መሰኪያ በሰፊው ቀዳዳ ይገባል፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቀዳዳ አይገባም። ብዙ ኃይል የሚጠጣ ዕቃ በደካማ ሽቦ ላይ እንዳይሰካ የሚከለክለው ማስታወቂያ ወይም ተቆጣጣሪ ሳይሆን ቀዳዳው ራሱ ነው ማለት ነው። በኤውሮፓ ተለምዶ የነበረው ሁለት ጥርስ ያለው ቀጭን መሰኪያም በአዲሱ ሶኬት ይገባል። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ግን ስለማይገባ ሕዝቡ ስለ አዳፕተር ብዙ አጕረመረመ። ስለዚህ ሥራው ያለ ዋጋ አልተሠራም፤ ግን ተሠራ።

በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ስነጋገር ሦስት ዓይነት ተቃውሞ እሰማለሁ፤ ሦስቱንም በቅንነት መመለስ ይገባል።

አንዳንዶቹ፣ አሮጌውን ሁሉ ጥለን በአዲስ እንጀምር ይላሉ። ይህ ንግግር ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለኪስ ግን አይደለም። አሮጌ ማሽን አለኝ የሚለው ሀብታም ሆስፒታል አይደለም፤ በጃናሞራና በበየዳ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ለእርሱ አዲስ ጀምር ማለት ያለውን አጥተህ ተቀመጥ ማለት ነው። የሚሠራን ዕቃ መሰኪያው ስላላማረ ብቻ መጣል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሌሎቹ፣ አዳፕተር እያለ ምን ቸገረን ይላሉ። አዳፕተር ለመንገደኛ ነው እንጂ ለቤት አይደለም። ጊዜያዊውን ነገር ቋሚ ስናደርገው የመሬት መስመሩን እናጣለን፤ ንክኪው እየላላ ይሄዳል፤ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ቮልት እንደሆነ የሚነግረንን ምልክት እናጠፋለን። በደንብ የተሠራ፣ የመሬት መስመሩን የሚያስተላልፍ መለወጫ አለ፤ እርሱን አልቃወምም። የምቃወመው ሁሉን እቀበላለሁ ብሎ ምንም የማይጨብጠውን ነው።

ሦስተኞቹ አሳባቸው ከበድ ይላል። ከአሮጌው ጋር መኖር እድገትን ያስራል፤ መሐንዲሱ በአያቱ ጥርስ ልክ ሲነድፍ ይኖራል ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1947 ከክብ ጥርስ ወደ ጠፍጣፋ ጥርስ ሲዛወሩ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም ነበር። ነገር ግን በለውጡ ያገኙትን ተመልከቱ። እያንዳንዱ መሰኪያ የራሱ ፊውዝ አለው፤ የመሬቱ ጥርስ ከሌሎቹ ስለሚረዝም አስቀድሞ ይገናኛል፤ በዚሁ ርዝመቱም የሌሎቹን ቀዳዳዎች መዝጊያ ይከፍታል፤ ስለዚህ ሕፃን ሚስማር ቢያስገባ አይደርስበትም። መቍረጥ ካለብን እንዲህ ላለ ጥቅም እንቍረጥ። የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ አሮጌው ይለፍ፤ ጊዜ ተሰጥቶትና መሸጋገሪያ ተደርጎለት ይለፍ። ለነጋዴ ትርፍ ወይም ለአዲስነት ሲባል ብቻ ከሆነ ግን አይለፍ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ከንግግር ወደ ሥራ እንለፍ። የማቀርባቸው አሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፤ በትምህርት ቤቶችና በጤና ተቋሞች አዲስ ሕንፃ ሲሠራና አሮጌው ሲታደስ፣ የሚተከለው ሶኬት የመሬት መስመር ያለውና የጀርመኑንም የጣሊያኑንም መሰኪያ የሚቀበል ይሁን። ይህ ሕልም አይደለም። በጎኑ ብረት፣ በመካከሉ ደግሞ የመሬት ቀዳዳ ያለው እንዲህ ያለ ሶኬት በጣሊያን አገር በሱቅ ይሸጣል፤ እነርሱም እንደኛው ሁለቱን መሰኪያዎች ይዘው ስለሚኖሩ ለችግራቸው የሠሩት ነው። ዋጋው ከአንድ ሶኬት ጥቂት ከፍ ቢል፣ ከአንድ ቃጠሎ ግን እጅግ ያንሳል።

ሁለተኛ፤ በእርዳታም ሆነ በግዥ የሚመጣ ማሽን ከመቀበሉ በፊት ቮልቱ፣ ምልልሱና የመሰኪያው ዓይነት በጽሑፍ ይጠየቅ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ እርዳታ መሣሪያ ባወጣው መመሪያ፣ በሰጪው አገር የማይፈቀድ ጥራት ለተቀባዩም አይፈቀድ፤ የተቀባዩም ፍላጎት ይከበር ብሏል። ስጦታን መጠየቅ ምስጋና ማጣት አይደለም። በጋዝ መብራት የሚኖር ሰው አምፑል ቢሰጡት የት ልስቀለው ማለቱ ነውር አይሆንም።

ሦስተኛ፤ የኤሌክትሪክና የሕክምና መሣሪያዎች ምሕንድስና መምህሮቻችን ለመመረቂያ ሥራ ከሚሰጡን አርእስት መካከል የዚህ ዓይነቱን ይጨምሩ። ከየማከማቻው አንድ የተጣለ ማሽን አውጥቶ፣ አሮጌው ክፍል ከአዲሱ ጋር የሚገናኝበትን መገናኛ መንደፍ ታላቅ ትምህርት ነው። ንክኪው የት ይሁን? ማን ቀድሞ ይገናኝ? በግልባጭ ቢሰካ ምን ይሆናል? አምፔሩ ስንት ይችላል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በእጁ የመለሰ ተማሪ ከብዙ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ያውቃል። የሚሠራውም ንድፍ ተሰውሮ አይቀመጥ፤ ልኩ በሥዕል ተጽፎ ሌላው እንዲሠራው ይሰጥ። የአይ.ቢ.ኤም. ታሪክ የሚያስተምረን ይህንንም ጭምር ነው።

አራተኛ፤ ማኅበራችን በየማደሪያው ቅን ፍተሻ ያድርግ። ፍተሻው ምድጃ ለመንጠቅ ሳይሆን የላላውን ሶኬት፣ የጠቆረውን ዲቫይደርና መሬት አልባውን አዳፕተር ቈጥሮ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ለማቅረብ ይሁን። ተማሪውን ብቻ ጥፋተኛ የሚያደርግ ፍተሻ ዕቃውን አልጋ ሥር ያስደብቃል እንጂ አደጋውን አያጠፋም። በቁጥር የቀረበ አቤቱታ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ ተመርቀን በምንሄድበት ሁሉ አሮጌ ነገር ይጠብቀናል። አሮጌ መስመር፣ አሮጌ ማሽን፣ አሮጌ ሕንፃ፣ ከእኛ በፊት የነበረ ሠራተኛ። የተማረ ሰው ሲመጣ ሁሉን ነገር ከሥሩ ሊነቅል ይችላል ብለው የሚፈሩን ብዙዎች ናቸው፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ያለውን አጥንተን፣ የሚጠቅመውን አስቀጥለን፣ የሚገድለውን ዘግተን፣ በላዩ ላይ አዲሱን የምንጨምር ከሆንን ግን ከእነርሱ ጋር ሠርተን እንኖራለን። ይህን ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያሻም። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን በአልጋችን አጠገብ ያለውን ሶኬት እንመልከት። የመሬት መስመር አለው? መሰኪያውን ይጨብጣል? ጠቁሯል? ያገኘነውንም ጽፈን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንስጥ።

አንድ የአራተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ